በሳምንት አንዴ ብቻ የምታደርጉት፣ ቤታችሁን ያቀለለላችሁ ነገር ምንድን ነው?

የማራኪዋ እናት (ዓርብ፣ ማታ 3፡10)

ሰላም የጎንደር ልጆች፣ እንዴት አመሻችሁ። ልጆቹ ተኝተውልኝ ጓዳ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።

ባለፈው እንቁጣጣሽ አዲስ ደብተር ገዝቼ በየቀኑ የማደርጋቸውን አሥራ ሁለት ነገሮች ዘርዝሬ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት መነሳት፣ ወጪ መጻፍ፣ ስፖርት፣ ማንበብ፣ ልጆቹን ማስጠናት፣ ምኑ ቅጡ። መስቀል ሳይደርስ ተውኩት። በጣም ነበር ያዘንኩት፤ ለራሷ የገባችውን ቃል የማትጠብቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

የቤቴ ችግር ምን መሰላችሁ? አንርብም፣ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር እንደጎደለን ነው። ሰኞ ማታ ሽሮው ያልቃል። ማክሰኞ ልጁን ለጨው ሱቅ እልካለሁ። ረቡዕ ጾም መሆኑን እያወቅሁ ምስር የለም። ዘይት በብርጭቆ፣ ቡና በሲኒ፣ ስኳር በፌስታል። እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ ሲገዛ ስንት እንደሚበላ የደረሰበት ያውቀዋል።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ አንድ ነገር ብቻ ጀመርኩ። ዓርብ ማታ ከእራት በኋላ ጓዳ ገብቼ የዕቃውን ክዳን ሁሉ እከፍታለሁ። የሽሮውን፣ የበርበሬውን፣ የምስሩን፣ የሩዙን፣ የዘይቱን። በግምት አልጽፍም፤ እጄን አስገብቼ ነው የማየው። የጎደለውን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ቅዳሜ ጠዋት ቅዳሜ ገበያ ይዤው እወጣለሁ። ሃያ ደቂቃ አይሞላም። እስካሁን ያመለጠኝ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ አንዱን ለቅሶ ነበረብኝ፣ አንዱን ልጄ ታሞብኝ።

ደብተሩ አልጸና ብሎ ይህ ለምን ጸና ብዬ ብዙ አሰብኩ። ቅዳሜ ገበያ መውጣቴ የማይቀር ነው። እናቴም ትወጣ ነበር፣ አያቴም። ቀኑን እኔ አልፈጠርኩትም። ግድግዳው ላይ አዲስ ሚስማር አልመታሁም፣ ከዱሮ በተመታው ላይ ነው የሰቀልኩት። ደብተሩ ላይ የዘረዘርኳቸው አሥራ ሁለቱ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሚስማር ይፈልጉ ነበር።

እናንተ ቤትስ? የጎንደርን ውሃ፣ የጎንደርን መብራት፣ የጎንደርን ገበያ ከሚያውቅ ሰው መስማት እፈልጋለሁ።

የአንገረብ ልጅ (ዓርብ፣ ማታ 3፡42)

እኛ ቤት ሚስማሩ ውሃ ነው። ፈረቃችን ሲሳካ በሳምንት አንድ ቀን ይደርሰናል፣ ያውም ሌሊት። የቧንቧው ፉጨት ሲሰማ ቤቱ ሁሉ ይነሳል።

ድሮ ሥራችን ባዶውንም ግማሹንም መሙላት ነበር። ትናንት የተረፈው ላይ አዲሱን እንጨምርበታለን። ስለዚህ ከታች ያለው ውሃ መቼ እንደተቀዳ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አባታችን "ሻዩ ይሸተኛል" ሲሉ ጀሪካኑን በባትሪ ብናየው ውስጡ አረንጓዴ ለብሷል።

አሁን ሕጋችን እንዲህ ነው። ጆሮአቸው ላይ ቀይ ክር የታሰረባቸው ሦስት ጀሪካኖች ለመጠጥ ብቻ ናቸው፤ ሌላ ዕቃ አይነከርባቸውም። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይከፈትም። ያለቀው ደግሞ ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ሳይታጠብ አይሞላም። አስተጣጠቡ፦ ጥቂት ውሃ፣ ሳሙናና አንድ እፍኝ ጠጠር ከትቶ ክዳኑን ገጥሞ መነቅነቅ። ብሩሽ የማይደርስበትን ጥግ ሁሉ ጠጠሩ ይፈቀፍቀዋል። ከዚያ ደፍቶ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ። ለሦስቱም አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ ወንድሜና እኔ ተካፍለን ነው የምንሠራው። ሮቶ ያላችሁ ደግሞ ከታች የሚቀመጠውን ደለል ቢያንስ አልፎ አልፎ አስወጡት።

ነርሷ ከአዘዞ (ቅዳሜ፣ ጠዋት 1፡15)

የአንገረብ ልጅ፣ እጅህ ይባረክ። ሌሊት ተረኛ ነበርኩ፣ ወደ ቤት ስመለስ ነው ያነበብኩት። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ቀይ ክር ባሰራችሁባቸው ላይ ውሃ አጋር ወይም ሌላ የውሃ ማከሚያ ጨምሩ። ለ20 ሊትር ስንት ክዳን እንደሚገባ ዕቃው ላይ ተጽፏል፣ እሱን ተከተሉ። ከጨመራችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትጠጡ። ውሃው ድፍርስ ከሆነ አስቀድሞ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፤ ጭቃ ካለበት መድኃኒቱ ጭቃውን ሲታገል ያልቅና ለተሕዋስያኑ አይተርፍም።

ሁለተኛ፣ "በየሳምንቱ" የሚለው ነገር በእኛ ሙያ ምክንያት አለው። ትንኝ እንቁላሏን ውሃ ላይ ከጣለችበት ቀን ጀምሮ ልጇ ክንፍ አውጥታ እስክትበር በሞቃት ወቅት ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል። በየሳምንቱ የሚደፋና የሚፈተግ ዕቃ ውስጥ ግን ትል እንደሆነች ትቀራለች። ስለዚህ የውሃ ቀናችሁ ሲደርስ ግቢውን አንድ ጊዜ ዙሩ፦ የተጣለ ጎማ፣ የቆርቆሮ ጣሳ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የዶሮ ውሃ መጠጫ። ከተማችን ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ወባ እንደ ደምቢያና እንደ መተማ አይበረታብንም። ቆላ ዘመድ ያላችሁ ግን ይህን ደውላችሁ ንገሯቸው፤ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ።

እንጀራ ጋጋሪዋ ከልደታ (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡05)

እኔ ጋግሬ የምሸጥ ነኝና በየቀኑ ነው የምጋግረው። ስለዚህ የምነግራችሁ የጎረቤቶቼን ነው።

ግቢያችን ውስጥ አራት አባወራ አለ። ድሮ እያንዳንዷ በየራሷ ቀን ምጣድ ታግላለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ነው የሚስበው፣ ሸክላው እስኪግል ድረስ ደግሞ ብዙ ይፈጃል። ሲግልም የመጀመሪያዎቹ ሁለት እንጀራዎች እንደሚበላሹ የጋገረች ሁሉ ታውቃለች። አራት ቤት በአራት ቀን ሲያግል ኪሳራው አራት እጥፍ ነው።

አሁን ሁሉም ረቡዕ ማታ ያቦካሉ። ቅዳሜ ጠዋት ከላይ የቋተውን ውሃ ቀድተው አብሲቱን ጥለው ገበያ ይወጣሉ። ሲመለሱ ሊጡ ኩፍ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ከ9 ሰዓት ጀምሮ በአንድ ምጣድ በተራ በተራ ነው፤ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ምጣዱን አስሳ ትቀጥላለች፣ ሙቀቱ አይባክንም። ማን መጀመሪያ ይጋግራል የሚለውም በየሳምንቱ ይዞራል፣ ምክንያቱም የሚበላሹትን ሁለቱን የምትከፍለው የመጀመሪያዋ ናት። መብራት ከጠፋ ጭስ ቤቱ አለ፣ እንጨቱን በጋራ ነው የምንገዛው።

ምጣዱ የማነው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ የአራቱም ነው፣ ሲሰነጠቅ አራቱም ያዋጣሉ።

ተማሪው (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 11፡20)

እቴ፣ ይቅርታ ግን የሳምንት እንጀራ እንዴት ይቆያል? እኛ ስምንት ሆነን ተከራይተን ነው የምንኖረው፤ በአራተኛው ቀን ሻግቶ ነው የምንጥለው።

እንጀራ ጋጋሪዋ ከልደታ (ቅዳሜ፣ ማታ 12፡30)

አይ የኔ ልጅ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ እርጥቡን ይቆያል አላልኩም። ቅዳሜ የተጋገረው እስከ ማክሰኞ ይበላል። ማክሰኞ ማታ የተረፈውን ቆራርሰው ሰፌድ ላይ ዘርግተው ድርቆሽ ያደርጉታል፣ እሱ ወር ቢቆይም አይበላሽም። ቤተሰብ የበዛባት ደግሞ ረቡዕ ከእኔ አሥር እንጀራ ትጨምራለች።

የእናንተ ግን ቶሎ የሚሻግተው ከነትኩሳቱ ስለምትደራርቡት ነው። እንፋሎቱ መሶብ ውስጥ ይታፈንና ላብ ይሆናል። አንዱ በደንብ ሳይበርድ ሌላውን አትጫኑበት። በፌስታል ጠቅልላችሁ ደግሞ ፈጽሞ አታስቀምጡ፤ ንጹሕ ጨርቅ ይሻላል።

ባለ ባጃጅ (ቅዳሜ፣ ማታ 4፡50)

ሁሉንም አነበብኩት። ጥሩ ነገር ነው። ግን ቅር አይበላችሁና ይህ ደመወዝ ላለው ሰው የሚሆን ይመስለኛል።

እኔ የምነዳው የሰው ባጃጅ ነው። ሠራሁም አልሠራሁም ለባለቤቱ የቀን ገቢውን አስገባለሁ። ቤንዚን ሰልፍ ላይ የማድርበት ቀን አለ። ቅዳሜም እሑድም ለእኔ አንድ ነው፤ እንዲያውም እሑድ ይሻለኛል፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ሠርግ ሲኖር። ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቼ ማታ 3 ሰዓት እገባለሁ፣ ልጄን ተኝታ ትቻት ተኝታ ነው የማገኛት። ሚስማር ስትሉ እኔ ግድግዳውም የለኝም።

የማራኪዋ እናት (እሑድ፣ ከሰዓት 8፡00)

ወንድሜ፣ ቅር አይለኝም። እውነትህን ነው። እኔ ደመወዜ በወር ይገባል፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን አርፋለሁ፤ ስጽፍ ይህን አላሰብኩትም ነበር፣ ማሰብ ነበረብኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰልፍም ቢሆን፣ ገበያም ቢጠፋ፣ ሞተርህም ቢበላሽ፣ በሳምንት ውስጥ ፈጽሞ የማይቀር አንድ ሰዓት የለህም?

ባለ ባጃጅ (እሑድ፣ ማታ 3፡30)

አለ። እቁብ። እሑድ ማታ 1 ሰዓት ላይ የተራችን ልጆች እንሰበሰባለን፣ ሃያ ነን። እሱን ተበድሬም ቢሆን አልቀርም። አሁንም ከዚያ መምጣቴ ነው።

ጡረተኛው መምህር (ሰኞ፣ ጠዋት 3፡00)

ልጄ፣ ግድግዳህ እሱ ነው። የእቁብህ ሰዓት።

ለእቁብ የምትቆጥረው ብር ከእጅህ ሳይወጣ ከጎኑ ትንሽ ነገር አስቀምጥ፤ ለጎማም ይሁን ለፍሬን ሸራ። ብሩን ያው የእቁቡ ጸሐፊ ይያዝልህ። ሌላ ቀን አትፈልግ፤ ሌላ ቀን የለህም፣ ራስህ ነግረኸናል። አሥራ አንድ ዓመት የመምህራን እቁብ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ሰው ለብቻው ማጠራቀም ሲያቅተው ሰው በተሰበሰበበት ሰዓት ግን ሲሆንለት አይቻለሁ።

እኔ ለዚህ የውይይት ክር የማካፍለው ሌላ ነው። ጡረታ ስወጣ በጣም ያስቸገረኝ ሰኞና ሐሙስ አንድ መሆናቸው ነበር። አርባ ዓመት ደወል ሲመራኝ ኖሮ ደወሉ ጠፋ። በእኛ ቋንቋ የቀኖቹ ስም ራሱ ቆጠራ ነው፦ ሰኞ ሁለተኛ፣ ማክሰኞ የሰኞ ማግስት፣ ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ። እኔ ግን መቁጠሩን ትቼው ነበር።

ያኔ የልጅ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። "አባባ፣ አርባ አራቱ ታቦት የሚባለው የት የት ነው?" አለኝ። ሁሉንም መቁጠር አልቻልኩም። ጎንደር ተወልጄ ጎንደር አስተምሬ! አፈርኩ፣ እውነቱን ልናገር። ስለዚህ ተስማማን፤ በሳምንት አንድ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በእግራችን። አርባ አራት ሳምንት ማለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው።

መነሻችን ሁልጊዜ ጃንተከል ዋርካ ሥር ነው። መጀመሪያ የሄድነው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነበር። ልጁ አንገቱን ወደ ላይ ቀልሶ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊት ሊቆጥር ሞከረ፤ ዓይኖቻቸው ይከተሉኛል እያለ መቁጠሩ ተምታታበት። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ከተማዋን ሲያቃጥል ከእሳቱ ከተረፉት አንዷ እርሷ መሆኗን፣ ሽማግሌዎች ንብ ነው ያዳናት እንደሚሉ ነገርኩት። ማታ ቤት ገብቶ አንድ ገጽ ጻፈ። በሌላው ሳምንት ወደ ቁስቋም ወጣን፣ እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሩት። ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ ልጁ ውሃዬን ይዞልኝ ነበር።

አሁን ሠላሳ አንድ ደርሰናል። ዝርዝሩን ሽማግሌዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይቆጥሩትም፣ ስለዚህ እየጠየቅን ነው የምንሄደው። ልጁ ሠላሳ አንድ ገጽ አለው። እኔ ደግሞ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የማስበው ነገር አገኘሁ፤ ስለሚቀጥለው ደብር ካህናቱን እጠይቃለሁ፣ አነባለሁ። እሑድ ለእኔ እንደገና እሑድ ሆነ።

ነርሷ ከአዘዞ (ሰኞ፣ ከሰዓት 7፡40)

አያ መምህር፣ አንቱ ሳታውቁት የእኛን ምክር እየፈጸማችሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በየቀኑ መከፋፈል የለበትም። ከጃንተከል ቁስቋም ደርሶ መልስ ዳገቱን ጨምሮ ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ ይሸፍንላችኋል። ግፊት ካለባችሁ ግን ከመውጣታችሁ በፊት ተለኩ፣ ዳገቱንም እንደጀመራችሁት እያረፋችሁ ውጡ።

ጎሚስታው (ሰኞ፣ ማታ 2፡15)

ለባለ ባጃጁ አጭር ነገር። እቁብ ከመግባትህ በፊት ሞተሩን አጥፍተህ አሥር ደቂቃ አሳርፈው፤ ዘይቱን ለካ፣ የሦስቱን ጎማ ንፋስ እይ፣ የፍሬኑን አያያዝ ፈትን። እኔ ጋ ተገፍተው ከሚመጡት ብዙዎቹ ዘይት ጎድሎባቸው የተበላሹ ናቸው። ንፋስ የጎደለው ጎማም ዳርና ዳሩ ቶሎ ያልቃል። ለባለቤቱ ብለህ አይደለም፤ ባጃጁ ሲቆም የምትቆመው አንተ ነህ።

የአዲስ ዓለሟ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡30)

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ቤት ሚስማሩ ጁሙዓ ነው። ሐሙስ ማታ የልጆቹ ጥፍር ይቆረጣል፣ ልብሳቸው ይተኮሳል፤ መብራት ከሌለ የከሰል ካውያ አለችኝ፣ የእናቴ ናት። ልብሱን ስተኩስ ኪሱን እፈትሻለሁ፣ ቁልፉ የወለቀውን እሰፋለሁ። ያንኑ ማታ የትምህርት ቤት ደብተራቸውን አያለሁ። ሁሉም በአንድ ሐሙስ ማታ ስለሚያልቅ ሌላ ቀን ስለልብስ ጭቅጭቅ የለም።

ሁለተኛው ከጎረቤቴ ጋር የምናደርገው ነው። እሷ ክርስቲያን ናት፣ ሃያ ዓመት አብረን ኖረናል። ቅዳሜ አብረን ወጥተን ቀይ ሽንኩርት በኬሻ፣ ድንች በኬሻ ገዝተን ለሁለት እንካፈላለን። ለብቻዬ ኬሻ ሙሉ ብገዛ ሳልጨርሰው ይበቅልብኛል፣ በኪሎ ብገዛ ይወደድብኛል። በእሷ ጾም ወቅት የእሷ ድርሻ ከፍ ይላል፣ በረመዳን ደግሞ ለማፍጠሪያ ሾርባ እሷ ከድርሻዋ ታበድረኛለች። ሒሳብ ተሳስበን አናውቅም፤ ማን ለማን ስንት እንደቀረበት ብትጠይቁን ሁለታችንም አናውቀውም።

ስም የለኝም (ረቡዕ፣ ሌሊት 7፡20)

ክሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት። ሁላችሁም ስለሥራ ማቅለል ነው የምትጽፉት። እኔን ሥራው አልከበደኝም። ባለቤቴ ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ልጆቼ ሩቅ ናቸው። አራዳ ቅመም እሸጣለሁ፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሰው ስለማይጠፋ ቀኑ ይመሻል። እሑድም እስከ ምሳ ቤተ ክርስቲያን ነኝ። ከምሳ በኋላ ያለው ግን ያቅተኛል። እሑድ ከሰዓት እኔና እርሱ በረንዳ ላይ ቡና እንጠጣ ነበር። አሁን ለአንድ ሰው ብዬ ረከቦቱን ማውጣት እጄ እምቢ ይለኛል። ስድስት ሲኒ ደርድሮ አንዱን መቅዳት።

ለዚህ የሚሆን ሚስማር ካላችሁ ንገሩኝ።

ተማሪው (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡00)

እማማ፣ ምናልባት ስፖርት ወይም አዲስ ሙያ ብትጀምሪ፣ ለምሳሌ ኮምፒውተር…

ጡረተኛው መምህር (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡45)

ልጄ፣ ልብህ መልካም ነው። ግን እርሷ ጊዜ የምታሳልፍበት ነገር አላጣችም፤ ስድስቱን ሲኒ የሚሞላ ሰው ነው ያጣችው።

እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ባለቤቴ ስታርፍ እኔም ከሰዓቱን አውቀዋለሁ። በየሳምንቱ አንድ ሰው የመጠየቅ ልማድ ነበረን፤ እርሷ ካለፈች በኋላ ግን መጠየቁን ቀጠልኩና ሰው እኔን ሲጠይቀኝ በሬን እዘጋ ነበር። ደህና ነኝ እላለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈኝ፣ ይቆጨኛል። አንቺ ጽፈሽ መጠየቅሽ ትልቅ ነገር ነው።

እንጀራ ጋጋሪዋ ከልደታ (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡10)

እቴ፣ እኔ እሑድ አልጋግርም። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ቡና አፈላለሁ። ግቢያችን ውስጥ አራት ሴቶች አለን፣ ሁለቱ እንዳንቺ ባሎቻቸውን የቀበሩ ናቸው። ሰፈርሽን እዚህ አትጻፊ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ረከቦትሽን እቤትሽ ተዪው፤ ጊዜው ሲደርስ ራስሽ ታወጪዋለሽ። አንድ ብቻ ይዘሽ ነይ፣ ለቡናው የሚሆን ጤና አዳም ካለሽ። የእኔ ደርቆብኛል።

ስም የለኝም (ሐሙስ፣ ሌሊት 6፡05)

ጻፍኩልሽ።

የአንገረብ ልጅ (ከሁለት ወር በኋላ፣ ሰኞ፣ ማታ 2፡00)

ይህን ክር ላነሣው ነው። የነርሷን ምክር ተከትለን ማከሚያ ጀምረናል። እናታችን መጀመሪያ ሽታውን አልወደደችውም፣ ማታ አክመን ጠዋት ክዳኑን ትንሽ ከፍተን ስናናፍሰው ቀነሰላት። ከዚያ ወዲህ ታናሽ እህታችንን ሆዷን አሟት አያውቅም። የእናንተስ እንዴት ሆነ?

ባለ ባጃጅ (ሰኞ፣ ማታ 4፡40)

መምህር እንዳሉት አደረግሁ። የእቁቡ ጸሐፊ ስሜን በሁለት መስመር ጻፈው፣ አንዱ የእቁብ፣ አንዱ የጎማ። ሁለት ሳምንት አልሞላልኝም፣ በሌሎቹ አስገብቻለሁ። ባለፈው ሐሙስ የኋላ ጎማዬ ወለቃ መንገድ ላይ ፈነዳ። ድሮ ቢሆን ለባለቤቱ ደውዬ፣ ተጨቃጭቄ፣ ሁለት ቀን ቆሜ ነበር። በዚያው ቀን አዲስ አስገጥሜ ከሰዓት ሥራ ገባሁ። ሌሎች ሰባት ልጆችም ሁለተኛ መስመር አስከፍተዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ጨምሬያለሁ። እቁብ ስሄድ ልጄን ይዣት እሄዳለሁ። 12 ሰዓት ላይ ከቤት አነሣታለሁ፣ ዘይቱን ስለካ ባትሪውን ትይዝልኛለች። ጉንጯ ላይ ዘይት ተቀብታ ነው የምትመለሰው። እናቷ ትቆጣለች፣ ግን በሚቀጥለው እሑድ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

ጡረተኛው መምህር (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡20)

ሠላሳ ስምንት ደረስን። ልጁ አሁን ከእኔ ቀድሞ ጃንተከል ይደርሳል።

ስም የለኝም (ዓርብ፣ ማታ 1፡30)

ሰባት እሑድ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ደርሼ ልመለስ ነበር፤ የቡናው ጭስ ውጭ ድረስ ሸተተኝና ገባሁ። ብዙ አላወራሁም፣ እነሱም አልጠየቁኝም። ምስር ሲለቅሙ አብሬ ለቀምኩ። ሦስተኛው እሑድ ላይ ስለባለቤቴ ራሴ አነሣሁ፣ ስኳር እንደማይወድ፣ ቡናውን በጨው ይጠጣ እንደነበር። አንደኛዋ "የእኔም" አለች።

ከነገ ወዲያ ቡናው እኔ ቤት ነው። ረከቦቱን ዛሬ አጠብኩት። አንዱ ሲኒ ጆሮው ተሰብሯል፣ ነገ ገበያ ላይ እገዛለሁ።

የማራኪዋ እናት (ዓርብ፣ ማታ 2፡55)

እቴ፣ አሁን ጓዳ ልገባ ነው፣ ወረቀቴን ይዣለሁ። የቡናውን ቆሎ እኔ ላምጣ? ከፈቀድሽልኝ እሑድ እኔም እመጣለሁ። ሽምብራ ነው ገብስ የምትወዱት?